አርባ ሦስት ቦታ ለአራት ቀን
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ስለ እንግዳ ናቸው። ጓደኛ ከሩቅ ይመጣል፤ ከተማው ትልቅ ነው። የት ይብላ? የት ይጠጣ? ምን ይይ? ጥያቄው ለእኔ አዲስ አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን በማታ ፈረቃ። ቁልፍ ከሰጠሁበት ጊዜ «እባክሽ የት ብንበላ ይሻላል?» ለሚል ሰው የመለስኩበት ሳይበልጥ አይቀርም።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ? ሁለት የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ እኔ ወደምኖርበት ከተማ ለአራት ቀን ሊመጡ ነው። አንደኛዋ ባሏን ይዛ ነው የምትመጣው። «የምታውቂውን ሁሉ ላኪልን» አሉኝ። እኔም ስልኬ ላይ ካርታ ከፍቼ ምልክት ማድረግ ጀመርኩ። 43 ደረሰ። ምግብ ቤት፣ ባር፣ ሙዚየም፣ መናፈሻ፣ የቀረ የለም። ስልክላቸው «ዋው!» ብለው መለሱ፤ ከዚያ ወዲህ ዝም አሉ። እኔ ደግሞ ሥራ ስላለብኝ ቀን ቀን አብሬያቸው መዞር አልችልም። ምን ልጨምርበት?
ግራ የገባኝ ጋባዥ

መልስ፦ ምንም እንዳትጨምሪ። ይልቅ ቀንሺ።

«ዋው!» ብሎ ዝም ያለ ሰው ዝርዝሩን አላነበበውም። አይፈረድበትም። 43 ቦታ ለአራት ቀን ሲካፈል በቀን አሥራ አንድ ገደማ ይደርሳል። ይሄ ጉብኝት ሳይሆን ደብዳቤ ማደል ነው።

ይህን ስህተት ከእኔ በላይ የሠራው የለም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ፊትና ጀርባው የተሞላ ወረቀት ነበረኝ። ሠላሳ ምናምን ቦታ ተዘርዝሮበታል። ለገባ እንግዳ ሁሉ በኩራት እሰጥ ነበር። አንድ ቀን ክፍል የምታጸዳው ባልደረባዬ አንዱን ይዛልኝ መጣች። መሐሉ ላይ ክብ የቡና እድፍ አለበት። እንግዳው የስኒ ማስቀመጫ አድርጎታል። አብረን ሳቅን፤ እኔን ግን ትንሽ ከፍቶኛል።

ከዚያ አንድ ማታ፣ ሻንጣውን እንኳ ክፍሉ ያላስገባ ሰውዬ ወረቀቱን ገፋ አድርጎ መለሰልኝ። «ይሄን ተይው። አንቺ አሁን ከሥራ ብትወጪና ቢርብሽ የት ትሄጃለሽ?» አለኝ። አንድ ቤት ብቻ ነገርኩት። ከሆቴሉ በኋላ በር ወጥተህ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ነው አልኩት። መስኮቱ ሥር ያለችውን ጠባብ ጠረጴዛ ያዝ። ሜኑውን ተወውና የዕለቱን ሾርባ እዘዝ። ግን ፍጠን፤ ወጥ ቤቱ የሚዘጋው በሩ ከመዘጋቱ አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው። በማግስቱ ጠዋት መጣና «ሁለተኛውስ?» አለኝ። ያን ወረቀት ከዚያ በኋላ አላባዛሁትም። በክፍል ካርዱ ጀርባ አንድ አንድ ቦታ ብቻ መጻፍ ጀመርኩ።

ስለዚህ የቦታውን ስም ብቻ አትላኪ። ስሙን ማንም ስልክ ይነግራቸዋል። ስልኩ የማይነግራቸው ምን ታዝዞ እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚኬድ፣ የቱ ጋ እንደሚቀመጡ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፤ የሚያበሳጨውንም አትደብቂ። አስተናጋጁ ፊቱ አይፈታም፣ መጸዳጃው ምድር ቤት ነው፣ ሙዚቃው ይጮሃል በያቸው። እንዲህ ስትዪ ሙገሳሽ ይታመናል። ተዘጋጅተውም ስለሚሄዱ ፊቱን የማይፈታውን ሰውዬ ሲያዩት ይስቃሉ እንጂ አይናደዱም።

ደረጃ ለማውጣት የምወደው መለኪያ የመጣው ከጎማ ፋብሪካ ነው። ሚሽሊን እ.ኤ.አ. በ1900 ለፈረንሳይ አሽከርካሪዎች የመንገድ መመሪያ አሳተመ፤ በነፃም አደለው። ሰው ብዙ ሲነዳ ጎማ ያልቃል፤ ጎማ ሲያልቅ ሌላ ይገዛል። ሒሳቡ ይኸው ነው። በ1926 ለምግብ ቤቶች ኮከብ መስጠት ጀመረ። በ1936 ደግሞ የኮከቦቹን ትርጉም አወጣ። አንድ ኮከብ በዓይነቱ በጣም ጥሩ የሆነ ቤት ነው። ሁለት ኮከብ መንገድ ቀይረው ቢሄዱለት የማይቆጭ። ሦስት ኮከብ ለእሱ ሲባል ብቻ ጉዞ የሚደረግለት። ልብ በይ፤ ከላይ ያሉት ሁለቱ የሚለኩት በመንገድ ነው። የጎማ ሻጭ ነገር! ግን ለእንግዳ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም። እንግዳ ጊዜና እግር ነው የሚያጥረው።

አንቺም 43ቱን አንድ በአንድ እያየሽ ከሦስት አንዱን ጻፊበት። «ካለፋችሁበት ግቡ»። «ትንሽ ዞር ብትሉለት አይቆጫችሁም»። «ለእሱ ብላችሁ ሂዱ»። ከመጨረሻው ዓይነት ከአራት በላይ ካገኘሽ ራስሽን እያታለልሽ ነው። ለየቀኑ አንዱን ስጪያቸው። ከቀሩት ውስጥ በእግር የሚደረሱትን እዚያው አካባቢ ላይ አክዪላቸው። የከተማው ሌላ ጫፍ ያለውን፣ የቱንም ያህል ብትወጂው፣ ተዪው። ለሚቀጥለው ጊዜ ይቆይ።

የመጀመሪያውን ማታ ምንም ቦታ አታስይዢላቸው። ብዙ የሰዓት ቀጠና አቋርጠው ከሆነ፣ ሰውነት ለእያንዳንዱ ሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል፤ ወደ ምሥራቅ ሲበረር ደግሞ ይብሳል። ካረፉበት በር አሥር ደቂቃ የማይርቅ ቤት ይበቃቸዋል። ማንም ሾርባው ላይ ተኝቶ ጥሩ ትዝታ ይዞ አይመለስም።

ባልየውን አታውቂውም ብዬ ልገምት። «ምን ትወዳለህ?» ብለሽ አትጠይቂው። «ሁሉንም» ነው የሚልሽ። «ባለፈው ጉዞህ ምን አሰለቸህ?» በይው። አሥራ አንድ ዓመት የጠየቅኩት ይህንኑ ነው፤ ያልመለሰልኝ ሰው የለም። «ሦስተኛው ሙዚየም» የሚለው መልስ ከሁሉ ይበዛል። የሙዚየም ድካም የሚባል ነገር በእርግጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1916 ቤንጃሚን ጊልማን የሚባል የቦስተን ሙዚየም ሰው ስለ እሱ ጽፏል። መስታወት ውስጥ ያለውን ለማየት ጎንበስ ቀና የሚለውን ጎብኚ ፎቶ እያስነሳ ነው ያሳየው። በቀን አንድ ሙዚየም፤ እሱም በጠዋት።

ከመላክሽ በፊት ደግሞ የሚዘጋበትን ቀን እዪ። አንድ ጊዜ ሁለት አረጋውያን ባልና ሚስት ሙዚየም ላክሁ። ሙዚየም የሚዘጋው ሰኞ ነው ብዬ ቀኑ ማክሰኞ ስለሆነ ልቤን ሞልቼ ነበር። ያ ቤት የሚዘጋው ማክሰኞ ኖሯል። በዝናብ ተመለሱ። ሴትዮዋ ምንም ሳይሉኝ የአንገት ልብሳቸውን ፊቴ ጨመቁት፤ ውኃው ባንኮኒው ላይ ፈሰሰ። ፓሪስን እንኳ ብታዪ ሉቭር ማክሰኞ ይዘጋል፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ኦርሴ ደግሞ ሰኞ። በግምት አይሆንም።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በዚህ ከተማ ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ። አብሮ አደጌ ሊጠይቀኝ ሊመጣ ነው፤ ገና ከአሁኑ «ያን ማማ ታሳየኛለህ» እያለ ይጨቀጭቀኛል። እኔ ደግሞ ማማውን አልወደውም። ሰልፉ አያድርስ ነው፤ ያለውም ቱሪስት ብቻ። ሌላ፣ ሰው የማያውቀው ጥሩ ቦታ ባሳየው አይሻልም?
ማማ ያስጠላኝ

መልስ፦ ጌታዬ፣ ይውሰዷቸው። አብሮ አደግዎም እኮ ቱሪስት ናቸው። ማማውን በፎቶ ስንት ዓመት ሲያዩት ኖረው፣ እዚህ ድረስ መጥተው ሳያዩት ቢመለሱ የት ነበርክ የሚላቸው ሰው አያጡም።

ብቻዎን ደግሞ አይደሉም። የኤፍል ማማ ገና እየተሠራ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1887፣ የፓሪስ ደራስያንና አርቲስቶች የተቃውሞ ደብዳቤ ጋዜጣ ላይ አውጥተዋል። ደራሲው ሞፓሳ ከፈረሙት አንዱ ነው። በኋላ ግን ምሳውን እዚያው ማማው ላይ ይበላ ነበር ይባላል፤ ማማው የማይታየኝ እዚህ ስሆን ብቻ ነው እያለ።

ቀልድ ይመስላል እንጂ ምክር አለው። ማማ ላይ ሲወጡ ማማው ከሚያዩት ነገር ውስጥ ይጎድላል። ኒው ዮርክ ኤምፓየር ስቴት 86ኛ ፎቅ ላይ የቆመ ሰው ኤምፓየር ስቴትን አያየውም። ሮክፌለር ሴንተር 70ኛ ፎቅ ላይ የወጣ ግን ከነሙሉ ቁመናው ፊት ለፊቱ ያገኘዋል። እርስዎም ሠላሳ ዓመት ሲኖሩ ማማው ጥሩ ሆኖ የሚታይበትን ቦታ ሳያውቁ አይቀሩም። ድልድይ ይሆናል፣ የአንድ ሕንፃ ሰገነት ይሆናል። ፀሐይ ልትገባ አንድ ሰዓት ሲቀራት እዚያ ይውሰዷቸው። እንግዳዎ ማማቸውን ያገኛሉ፤ እርስዎም ከሰልፍ ይድናሉ። «የለም፣ መውጣት አለብኝ» ካሉ ትኬቱን በኢንተርኔት አስቀድመው ይግዙላቸውና ታች ቡና እየጠጡ ይጠብቋቸው። ማንም አይቀየምም።

አንድ ነገር ልጨምር። ስመ ጥሩ ነገር ሲያሳዩ መጠኑን አስቀድመው ይንገሩ። ሞና ሊዛ ቁመቷ 77፣ ወርዷ 53 ሴንቲ ሜትር ነው። ግድግዳ ሙሉ ስዕል ጠብቆ የሄደ ሰው «ይቺ ናት?» ይላል። ትንሽ እንደሆነች አውቆ የሄደ ግን ስዕሉን ያያል።

ጥያቄ፦ አምስት ጓደኞቼ ለቅዳሜና እሑድ እየመጡ ነው። አንዱ አይጠጣም። አንዷ መደነስ ትፈልጋለች። የቀሩት ቁጭ ብለው ማውራት ነው የሚፈልጉት። ሁሉንም የሚያስደስት አንድ ባር ይኖራል?
መሐል የገባሁ

መልስ፦ የለም። ተወው። ሁለት ባር ግን ይበቃሃል፤ ሁለቱ በእግር ቢበዛ አምስት ደቂቃ የሚራራቁ ከሆኑ። መጀመሪያ የወሬውን፣ ቀጥሎ የጭፈራውን። መደነስ የፈለገችዋ ስትነሳ፣ የደከመው እዚያው ይቀራል።

የወሬውን ቤት ስትመርጥ መጠጡን ሳይሆን ወንበሩን እይ። መደገፊያ አለው? ስድስት ሰው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይይዛል? በር ላይ ቆመህም ጆሮህን ጣል አድርግ። ሰዎች አጠገባቸው ላለው ሰው እየጮሁ ከሆነ ሌላ ፈልግ። አንተ የምታውቀው ባር ደግሞ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ የምታውቀው ከሆነ ቅዳሜ ሌሊት አታውቀውም። ሌላ ቤት ነው የሚሆነው። በዚያው ቀንና ሰዓት አስቀድመህ አንድ ዙር ሂድበት።

የማይጠጣው ጓደኛህን በተመለከተ፣ ከውኃና ከለስላሳ ሌላ ደህና ነገር ሜኑው ላይ መኖሩን ዕወቅ። ከዚያ ስለ እሱ ለአስተናጋጁ ማብራሪያ አትስጥ። ራሱ ያዛል። ዙሩን አንተ የምትከፍል ከሆነም እሱን አትዝለለው።

ወደ ቤት መመለሻውንም አስብበት። ትልቅ ከተማ ሁሉ ሌሊቱን ሙሉ ባቡር ያለው ይመስለናል። የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር እንኳ የሌሊት አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ እሱም ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት፣ ያውም በተወሰኑ መስመሮች ብቻ። የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት ለአንድ ላልሰከረ ሰው ንገር። እጩው ያው ይታወቃል።

ጥያቄ፦ ለጓደኛዬ የምወደውን ምግብ ቤት መከርኳት። ሄደች። «ያን ያህል አይደለም» አለችኝ። እውነቱን ልናገር፣ ተቀይሜያለሁ።
የተቀየምኩ

መልስ፦ ምግቡን አንቺ አላበሰልሽው። መቼ እንደሄደችና ምን እንዳዘዘች፣ የት እንደተቀመጠችም ጠይቂያት። ግማሹ ቅሬታ እዚያ ውስጥ ነው የሚገኘው። ያቺ መስኮት ሥር ያለች ጠባብ ጠረጴዛ ትዝ አለችሽ? በኋላ አንዲት ሴትዮም ልኬባት ነበር። ተመልሳ «ብርድ ገደለኝ» አለችኝ። እኔም ለካ ተቀይሜ ኖሮ፣ ሥራ ስጨርስ ሄጄ ራሴ ተቀመጥኩባት። እውነቷን ነው፤ ብርዱ የከፋበት ወቅት ነበር፣ መስኮቱ ደግሞ አይገጥምም። ከዚያ በኋላ ብርድ ሲሆን በካርዱ ጀርባ የምጽፈው ምድጃው አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ሆነ።