ሁለቱ አባላት ለምን ዝም አሉ?

ጥያቄ፦ ኦቲዝም ያላቸው አዋቂዎች ሥራ ሲቀጠሩ ስለሚገጥማቸው ችግር እያጠናን ነው። ኦቲዝም ያላቸው ሁለት ሰዎች የአማካሪ ኮሚቴያችን አባላት ናቸው፤ ሦስት ስብሰባ ተቀምጠው አንድም ሐሳብ አልሰነዘሩም። ፍላጎቱ ስለሌላቸው ይሆን?

መልስ፦ ፍላጎት የሌለው ሰው ሦስት ጊዜ አይመጣም። መጀመሪያ መቼ እንደጠሯቸው ያስታውሱ። የጥናቱ ጥያቄ ተወስኖ፣ መጠይቁ ታትሞ፣ በጀቱም ጸድቆ ከነበረ የሚለውጡት ነገር አልተተወላቸውም።

ሌላው ስብሰባው ራሱ ነው። አንዱ ተናግሮ ሲያበቃ ሌላው የሚገባባት ክፍተት እጅግ አጭር ናት። ኦቲዝም ያለው ብዙ ሰው ያቺን ክፍተት ለመያዝ ይቸገራል፤ ሐሳቡን አሰናድቶ ቀና ሲል ርዕሱ ተቀይሯል። ስለዚህ አጀንዳውንና ሰነዱን ከ1 ሳምንት በፊት ይላኩ። «ምን ይመስላችኋል?» ከማለት «4ኛው ጥያቄ ይውጣ ወይስ ይስተካከል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በጽሑፍ የመጣ አስተያየት፣ ከስብሰባው 2 ወይም 3 ቀን ዘግይቶም ቢደርስ፣ በቃል ከተነገረው እኩል ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው፣ ተመራማሪዎችና ኦቲዝም ያላቸው ሰዎች በእኩልነት የሚሠሩበት አስፓየር የተባለው ቡድን ስምምነቱን የሚለካው ከ1 እስከ 5 በሚወጣ ጣት ነው፤ 5 ያወጣ ሰው ሐሳቡን ፈጽሞ አልቀበልም ማለቱ ስለሆነ ውይይቱ ይቀጥላል። ዝምታ እንደ ስምምነት አይቆጠርም።

ከሁሉ በላይ ግን መጠይቁን አብረዋቸው ይቀመጡበት። «ከሰው ጋር መነጋገር ያስቸግርዎታል?» የሚለውን ይውሰዱ። ከማን ጋር? ከወዳጅ፣ ከአለቃ ወይስ ከማያውቁት ሰው? በአካል ወይስ በስልክ? ቃሉን እንዳለ የሚወስድ ሰው መልሱ በየሁኔታው ስለሚለያይበት ባዶ ይተወዋል፣ ወይም ከአማራጮቹ መሃለኛውን ይመርጣል፤ እርስዎም «መካከለኛ» ብለው ይመዘግቡታል። ስሕተቱ የመላሹ አይደለም፤ የጥያቄው ነው። «አልፎ አልፎ» የሚለውንም «በሳምንት 1 ወይም 2 ቀን» ብለው ይተኩት። መጠይቁ ከሌላ ጥናት የተወሰደና አስተማማኝነቱ የተፈተሸ ከሆነ ግን ቃላቱን ከቀየሩ በኋላ እንደገና መፈተሽ አለበት፤ ለዚህ የሚሆን ጊዜ በዕቅዱ ይያዙለት።

ክፍያም አለ። ስብሰባ የተቀመጡበት ብቻ ሳይሆን ሰነድ ያነበቡበት ሰዓትም ይታሰብላቸው፤ ሌላው ባለሙያ በደመወዝ የሚሠራውን እነሱ በነጻ ሊሠሩት አይገባም።

ሁለቱም በቃል የሚናገሩ ከሆነ፣ በሥዕል ሰሌዳ ወይም በታብሌት የሚግባቡ ሰዎችንም ያካትቱ። ለእነሱ ሰው ከሚበዛበት ስብሰባ ይልቅ የሚያውቁት ረዳት ባለበት ለየብቻ የሚደረግ ውይይት ይመቻል፤ ጥያቄዎቹም አስቀድመው ይድረሷቸው፤ የሚያስፈልጓቸው ቃላትና ሥዕሎች በሰሌዳው ላይ መኖራቸውን አብረው ያረጋግጡ።