ለዲጂታሉ ዓለም ስንት መድረክ ይበቃል?

ጥያቄ፦ የኢንተርኔት አስተዳደር ፎረም እያለ የተባበሩት መንግሥታት ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሌላ መድረክ ለምን አስፈለገው? እንዲህ ያለ መድረክስ እንዴት ይቋቋማል?

መልስ፦ ፎረሙ እ.ኤ.አ. በ2005 ቱኒስ ላይ ተወሰነ፤ በዓመቱ አቴንስ ላይ ተሰበሰበ። መንግሥት፣ ኩባንያና ሲቪል ማኅበረሰብ እኩል ይናገሩበታል፤ አስገዳጅ ውሳኔ ግን አያሳልፍም። ጥንካሬውም ድክመቱም ይኸው ነው።

አዲሱ የመጣው በሁለት እርምጃ ነው። በሴፕቴምበር 2024 አገራት የዓለም አቀፉን ዲጂታል ስምምነት ሲያጸድቁ ሐሳቡን ብቻ አሰፈሩ። ከወራት ድርድር በኋላ፣ በኦገስት 2025፣ የጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ ዝርዝሩን አወጣ፦ አንድ የሳይንስ ፓነልና አንድ ዓለም አቀፍ ውይይት። ሥልጣናቸው ከወታደራዊ ጉዳይ ውጭ ባለው ላይ ብቻ ነው፤ ይህ ትልቅ ክፍተት ይመስለናል።

የፓነሉን አሠራር ጠጋ ብለው ይዩት። 40 አባላቱ በግላቸው ለ3 ዓመት ያገለግላሉ። ከአንድ አገር ወይም ከአንድ ተቋም ከ2 ሰው በላይ አይገባም፤ የተመድ ሠራተኛም አይመረጥም። ይህ ገደብ ባይጻፍ ኖሮ ባለሙያ የተትረፈረፋቸው ጥቂት አገሮች ወንበሩን ይሞሉት ነበር።

ብዙ ጊዜ የሚያሰናክለው የሰው ኃይል ነው። ሁለት ዲፕሎማት ብቻ ያሉት ልዑክ በአንድ ሳምንት አራት ስብሰባ ሊከታተል አይችልም። ስለዚህም ነው ውይይቱ ራሱን ችሎ ሳይሆን በ2026 ጄኔቫ፣ በ2027 ኒው ዮርክ ከነባር ጉባኤዎች ጋር እንዲደረብ የተወሰነው።