የሉሲ «አፅም» ወይስ «ቅሪተ አካል»?

ጥያቄ፦ ለክፍል ሥራ «የሉሲ አፅም» ብዬ ብጽፍ መምህሬ «ቅሪተ አካል» ብለው አረሙኝ። በዜና ግን ሁለቱንም እሰማለሁ። የቱ ነው ትክክል? የጥንት የድንጋይ መሣሪያስ ቅሪተ አካል ይባላል?

መልስ፦ ልጄ፣ አልተሳሳትክም፤ መምህርህም ያለ ምክንያት አላረሙህም።

«ቅሪተ አካል»፣ «ቀረ» ከሚለው ግስ የወጣው «ቅሪት» እንደ «ቤተ መንግሥት» በግእዝ ሥርዓት ከ«አካል» ጋር ተናቦ የተገኘ ነው። ለብዙ ዘመን ተቀብሮ ኖሮ፣ ማዕድን ሰርጎበት ድንጋይ ወደ መሆን የተለወጠ የሕያው ነገር ትራፊ ማለት ነው። «አፅም» ግን ዕድሜ አይጠይቅም፤ ባለፈው ዓመት የተቀበረ ሰውም አፅም አለው።

ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ስለሆናት ቅሪተ አካል ናት። ከአንዲት ፍጡር አጥንት 40 በመቶ ያህሉ አንድ ላይ በመገኘቱ ደግሞ አፅምም ናት። እኔ «አፅም»ን ከሉሲ መንጠቅ አልወድም። «አፅሙ ያረፈበት» ስንል፣ «ፍልሰተ አፅም» ስንል ቃሉ የዘመድ ክብር አለው፤ ድንቅነሽ ብለን ስም ላወጣንላትም ይገባታል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላ ቦታ ነው። በ2005 ዓ.ም. እዚያው አፋር ውስጥ ሌዲ ገራሩ ላይ የተገኘው 2.8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ግኝት ጥርስ ያለው ግማሽ የታች መንጋጋ ነው። እሱን «አፅም» ማለት ለአንባቢ ሙሉ ሰውነት የተገኘ ያስመስላል፤ «የመንጋጋ ቅሪተ አካል» በል። ድንጋይ የሆነ ቅጠልም ቅሪተ አካል ነው፤ አፅም ግን ከየት ይመጣለታል?

አፋር ውስጥ ጎና ላይ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ቢያስቆጥሩም አካል ሆነው አያውቁም፤ ስለዚህ በስማቸው «የድንጋይ መሣሪያ» ይባሉ። የሚያስቸግረው የእግር ዱካ ነው። ታንዛኒያ ውስጥ ላቶሊ ላይ ከ3.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በእሳተ ገሞራ አመድ ላይ የተረገጠው ዱካ ደርቆ ቀርቷል። ሳይንሱ ከቅሪተ አካል ወገን ይቆጥረዋል፤ በአማርኛ ግን የቀረው ዱካው እንጂ አካሉ አይደለም። እኔ «በድንጋይ ላይ የቀረ የእግር ዱካ» ብዬ እጽፋለሁ።

ለብዙ ቁጥር «ቅሪተ አካላት» በል፤ «ቅሪተ አካሎች» ለጆሮዬ ይሻክራል።