ክዳኑ መስታወት ነው ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሀቫና ሄጄ መንገድ ላይ አንድ ሰው ጠጋ አለኝና «አማቼ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው» ብሎ ኮሂባ ኤስፕሌንዲዶስ የሚባለውን የኩባ ሲጋር፣ 25 ፍሬ፣ በሱቁ ዋጋ ሩብ ሸጠልኝ። ሳጥኑ ያምራል፣ ክዳኑ መስታወት ነው፣ ሲጋሮቹ ሳይከፈት ይታያሉ። አንድ ወዳጄ ገና ሲያየው ሳቀ። አንዱን ግን አጭሼው አልጠላሁትም። ተሸውጄ ይሆን?

(ግራ የገባኝ)

መልስ፦ አዎ፣ ተሸውደሃል። ወዳጅህ የሳቀው በመስታወቱ ነው። ኤስፕሌንዲዶስ በመስታወት ክዳን አይወጣም፣ እና ይሄን አንዴ ካወቅክ ሌላውን ማጣራት ራሱ ትርፍ ሥራ ነው። የአማቹ ወሬ ደግሞ ያረጀ ነው። ሀቫና መንገድ ላይ ፋብሪካ ዘመድ የሌለው ሻጭ ካገኘህ ንገረኝ።

ሌላ ጊዜ ሳጥን ስታይ ግን ከሲጋሩ በፊት ሳጥኑን አገላብጠው። ከሥሩ «ሀባኖስ» (የኩባን ሲጋር የሚሸጠው ኩባንያ)፣ «ኤቾ ኤን ኩባ» (ኩባ ውስጥ የተሠራ) እና «ሙሉ በሙሉ በእጅ» የሚል የስፓኒሽ ጽሑፍ እንጨቱ ላይ በጋለ ብረት ታትሞ ይገኛል፤ ይሄ የመጨረሻው የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። አጠገቡ የፋብሪካው ምስጢራዊ ኮድ፣ ወርና ዓመት በቀለም ይመታል። ወሩ ስፓኒሽ ነው። ጥር «ኤኔሮ» ስለሆነ ምህጻሩ ከእሱ ይወጣል፣ የእንግሊዝኛው ካለበት ሳጥኑን መልስ። ፊት ለፊት በግራ በኩል አረንጓዴና ነጭ የመንግሥት ማኅተም አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ሆሎግራምና ባርኮድ ተጨምሮበታል። ቁጥሩን የሀባኖስ ድረ ገጽ ላይ ማጣራት ይቻላል። ግን በሱ ብቻ አትተማመን፤ አንድ ትክክለኛ ቁጥር ሺህ ፎርጅድ ሳጥን ላይ ሊለጠፍ ይችላል።

ሲጋሩን በተመለከተ ማስመሪያ አምጣ። ኤስፕሌንዲዶስ 178 ሚሊሜትር ይረዝማል፣ ውፍረቱ ወደ 18.7 ነው። በእጅ ስለሚጠቀለል የጸጉር ያህል ቢለያይ ምንም አይደል፣ እዚያው ሳጥን ውስጥ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ከሆነ ግን በቃ። ቀለማቸውም ተመርጦ ነው የሚደረደረው፣ አንዱ ጠቆር ሌላው ፈካ ያለ አይሆንም። የወረቀት ቀለበቶቹም በአንድ መስመር ላይ ነው የሚያርፉት።

«አልጠላሁትም» ያልከው ደግሞ ምንም አያረጋግጥም። ፎርጅዱም የኩባ ቅጠል ሊኖርበት ይችላል። ኦሪጅናሉም ሁልጊዜ ደስ አይልም፤ እኔ ራሴ ከሱቅ ገዝቼው ጢሱ አልሳብ ብሎኝ ጉንጬ እስኪያመኝ ስታገል የቀረሁበት አለ። አመዱ ነጭ ከሆነ ኦሪጅናል ነው የሚባለውም ወሬ ነው፣ አትመነው።

ገንዘቡን አታገኘውም፣ ግን አንዱን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቀው። ደህናው ሲጋር ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄዱ ረጃጅም ቅጠሎች ታገኛለህ። እኔ እንዳንተው የገዛሁትን ስሰነጥቀው ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰው ጥራጊ ነበር፤ ብጥስጣሽ ቅጠል፣ አንድ ጣት የሚያህል ደረቅ እንጨት፣ አቧራ። የቀሩትን ከማጨስህ በፊት ያንተን እየው።