ማስተር፣ ጥቁሩ ቀበቶ መቼ ነው?

በዚህ ወር የመጡልኝን ጥያቄዎች ደርድሬ ሳያቸው ግማሹ ስለ ቀበቶ ነው፣ ግማሹ ስለ ሌባ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ እነሆ ብያለሁ።

«የ8 ዓመት ልጄን ቴኳንዶ አስገባሁት። አሠልጣኙ በዓመት ተኩል ጥቁር ቀበቶ ያገኛል፣ ለየፈተናው ግን ይከፈላል አሉኝ። እንዲህ ዓይነት ነገር አለ?» (አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ)

ለፈተና ማስከፈላቸው ነውር የለውም። ፈታኝ ይደክማል፣ ቀበቶም ሰርተፍኬትም ገንዘብ ይፈልጋል። እኔን ያልጣመኝ ቀኑን ከወዲሁ መቁረጣቸው ነው። ልጁ ገና እግሩን ሳያነሳ መቼ እንደሚያልፍ እንዴት አወቁ?

ልጅዎ የሚሠለጥነው በወርልድ ቴኳንዶ መስመር ከሆነ የዳን (የጥቁር ቀበቶ ደረጃ) ሰርተፍኬት የሚመጣው ሴኡል ካለው የቴኳንዶ ዋና ማዕከል፣ ከኩኪዎን ነው። በኩኪዎን ደንብ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ዳን አይሰጠውም። የሚሰጠው «ፑም» ይባላል፣ ቀበቶውም ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ጥቁር ነው። ስለዚህ የ9 ዓመት ተኩል ልጅ ድፍን ጥቁር ታጥቆ ቢመጣልዎ ከሴኡል ሳይሆን ከሱቅ የመጣ ነው። ከዚያ ወዲያም ቢሆን መጠበቅ አለ፤ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ዳን ቢያንስ 1 ዓመት፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ 2፣ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ 3 ዓመት። ሰርተፍኬቱ ቁጥር ስላለው በድረ ገጻቸው ማጣራት ይቻላል። «ማስተር፣ የእርስዎን የዳን ቁጥር ላየው?» ማለት ድፍረት አይደለም። የሚቆጣ ካለ ራሱ መልስ ነው።

የቀበቶ ቀለም ከጥንት የወረደ ይመስለናል። የጁዶ አባት ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 ማሠልጠኛውን ኮዶካንን ሲከፍት ይሄ ሁሉ ቀለም አልነበረም። ጥቁሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ቢጫና አረንጓዴው ደግሞ በጣም ዘግይቶ፣ እዚያ አውሮፓ ነው የተስፋፋው። ጃፓኖች የመጀመሪያውን ጥቁር ቀበቶ «ሾዳን» ይሉታል፤ የመጀመሪያ ደረጃ ማለት ነው። በእኛ ቢሆን ፊደል ቆጠረ እንጂ ዳዊት ደገመ አንለውም ነበር።

ልጅዎን ያስወጡት አላልኩም። አንድ ቅዳሜ ሄደው ጥግ ይዘው ቁጭ ይበሉ። ልጆቹ ሲወድቁ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ይይዛሉ ወይስ ጭንቅላታቸው ወለሉን ይመታል? አሠልጣኙ የልጆቹን ስም ያውቃል? ያጠፋ ልጅ በዱላ ነው የሚቀጣው? እነዚህን ካዩ በኋላ የቀበቶው ወሬ በራሱ ይቀላል።

«ሰፈራችን ሁለት ክለብ አለ፤ አንዱ ወርልድ፣ አንዱ አይቲኤፍ። የቱ ይሻለኛል?» (ከደሴ)

ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው። አይቲኤፍን (ዓለም አቀፉን የቴኳንዶ ፌዴሬሽን) እ.ኤ.አ. በ1966 የመሠረተው ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ነው፣ ወርልድ ደግሞ በ1973 መጣ። ኦሊምፒክ ያለው ወርልድ ነው፤ ሰለሞን ቱፋ ቶኪዮ ላይ ለኢትዮጵያ የተሰለፈውም በዚያ ነው።

ልዩነቱ የሚታይህ ስፓሪንግ (ከሰው ጋር የሚደረግ የልምምድ ፍልሚያ) ላይ ነው። በወርልድ ፊት ላይ በእግር እንጂ በጡጫ መምታት ክልክል ስለሆነ ብዙ ተወዳዳሪ እጁን ወደ ታች ጥሎ ነው የሚጫወተው። በአይቲኤፍ ጡጫ ፊት ላይ ስለሚፈቀድ እጅ ከአገጭ አይወርድም፤ ምቱ ግን እየተመጠነ ነው። ውድድር ካማረህ ወርልድ፣ እጅህን ማንሳት እንዲለምድብህ ከፈለግህ አይቲኤፍ። ለቤትህ የቀረበው ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል፤ ሁለት ታክሲ ይዞ የሚሄድ ሰው ክረምት ሲገባ ይቀራል።

«ሦስት ዓመት ሠለጠንኩ። ፓተርን (ለብቻ የሚሠራ የምቶች ቅደም ተከተል) ላይ የሚደርስብኝ የለም። ስፓሪንግ ላይ ግን ከእኔ በኋላ የገቡ ልጆች ይጫወቱብኛል። ምን ጎደለኝ?» (ከሐዋሳ)

እምቢ የሚልህ ሰው ነው የጎደለህ። ፓተርን ስትሠራ አየሩ አይከራከርህም። ፓድ (የምት መለማመጃ ትራስ) የያዘልህ ጓደኛህም ቢሆን ምቱ ወዴት እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ፓዱን አቅርቦ ያጎርስሃል። ገጠር ያደገ ሰው ይሄን ሳይነገረው ያውቀዋል። እረኛ ትግል የሚማረው ሣር ላይ፣ መውደቅ ከማይፈልግ ሌላ እረኛ ጋር ነው። ብቻውን የሚታገል እረኛ አይቼ አላውቅም።

እንዲህ አድርግ። አንድ ምት ብቻ ምረጥ። ዶልዮ ቻጊ፣ ማለትም እግርህን ከጎን አዙረህ የምትመታው ይሁን። የመጀመሪያው ሳምንት ጓደኛህ ቆሞ ይያዝልህ። በሁለተኛው እየተንቀሳቀሰ ይያዝ፣ አንተም ርቀቱን ራስህ ፈልገው። በሦስተኛው ፓዱን ይጣልና ወደ ኋላ መሸሽ ይፈቀድለት። በአራተኛው በአንድ ጡጫ መመለስ ይችላል። ሁለት ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ ቦታ ተቀያየሩ። አሥር ሞክረህ አሥሩንም ካገኘኸው ልምምዱ ቀሎሃል። አንድም ካላገኘኸው ከብዶሃል፣ አንድ ደረጃ ውረድ።

ስልክህን ግድግዳ አስደግፍና ከጎን ራስህን ቅረጽ። እግርህ ሲወጣ የቆምክበትን እግር ተረከዝ እየው። ተረከዙ ወደምትመታው ሰው መዞር አለበት። ጣቶችህ ወደ ፊት እንዳሉ ከቀሩ ዳሌህ ይቆለፋል፣ ምቱ ጥፊ ይሆናል፣ ቆይቶም ጉልበትህን ያስከፍልሃል። ቀጥለህ እጅህን እይ። ልትመታ ስትል ቁልቁል ይወርድ ይሆናል፣ ልጆቹም ያንን አንብበውት ይሆናል። እኔን አንድ ቀጭን ልጅ ስድስት ወር ሙሉ እየቀደመ ሲመታኝ ኖረ። ምሥጢሩን የነገረኝ አብረን ቡና ስንጠጣ ነው፦ «ከመምታትህ በፊት ትንፋሽ ትስባለህ፣ ትከሻህ ከፍ ይላል።» ስድስት ወር ሙሉ ፍጥነት የጎደለኝ መስሎኝ ገመድ ስዘል ነበር።

«38 ዓመቴ ነው፣ እግሬ ከወገቤ አያልፍም። ረፍዶብኛል?» (ከባሕር ዳር)

አልረፈደብዎትም። ከወገብ በታች ያለው የሰው አካል ብዙ ነው፤ ጭንና ቅልጥም እዚያ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ከ20 ዓመት ልጆች ጋር በስፕሊት (እግር ከፍቶ ወለል ላይ በመቀመጥ) አይፎካከሩ። ሰውነት ሳይሞቅ መሳብ ቋንጃ ያስቆርጣል። ቡጢ ወይም ጁዶ ቅርብዎ ካለ ደግሞ የእግር ቁመት ጭራሽ አያሳስብዎትም።

«ማታ 2 ሰዓት ከሥራ ወጥቼ ከታክሲ ስወርድ አሥር ደቂቃ በጨለማ እሄዳለሁ። ባለፈው አንዱ እጄን ይዞ ጎተተኝ፣ ሰው ሲመጣ ለቀቀኝ። ምን ልማር?» (ከአዲስ አበባ)

እህቴ፣ እንኳን ተረፍሽ።

በመጀመሪያ ሁለቱን ለዪያቸው። የሚፈልገው ስልክሽን ወይም ቦርሳሽን ከሆነ ስጪው። ስለት ካወጣማ ወርውረሽለት በሌላ አቅጣጫ ሩጪ። ስለት በባዶ እጅ እነጥቃለሁ የሚል አሠልጣኝ ካጋጠመሽ ነጭ ልብስ ልበስና በስለት ፈንታ ቀይ ማርከር ስጠኝ በይው፤ ሸሚዙን አይተሽ ትፈርጃለሽ።

የሚፈልገው አንቺን ከሆነ፣ የሚጎትትሽ ወደ ጨለማው ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። እጅሽን የያዘ ሰው አራት ጣቱ በአንድ በኩል፣ አውራ ጣቱ በሌላ በኩል ነው። መውጫሽ አውራ ጣቱ ከጣቶቹ ጋር የሚገናኝበት ክፍተት ነው። ሁላችንም ስንያዝ ወደ ኋላ እንጎትታለን፤ ያ የጉልበት ውድድር ነው፣ ትሸነፊበታለሽ። ይልቅ ጡጫሽን ጨብጪ፣ የክንድሽን ቀጭን ጎን ወደ አውራ ጣቱ አዙሪ፣ አንድ እርምጃ ወደ እሱ ግቢና ክርንሽን ወደ እሱ እየገፋሽ እጅሽን ወደ ራስሽ ትከሻ መንጭቂ። ከወንድምሽ ጋር ሞክሪው። በመጀመሪያ ለስለስ አድርጎ ይያዝሽ። ከዚያ የእውነቱን ጨምቆ ይያዝ፤ ያኔ አልወጣ ይልሻል። እዚህ ላይ ነው ቅልጥሙን በጫማሽ ጫፍ መምታት የሚገባው፤ ሐሳቡ ወደ እግሩ ሲሄድ እጁ ይላላል። (ወንድምሽን ቀስ ብለሽ።)

ካስለቀቅሽ በኋላ ቆመሽ አትዪው። መብራት ወዳለበት፣ ሰው ወዳለበት ሱቅ ሩጪ። ስትጮኺ ደግሞ «እርዱኝ» ከማለት «ሌባ! ሌባ!» ማለት በር ያስከፍታል፤ የሰፈራችን ጠባይ ነው። ከታክሲው ስትወርጂ የጆሮ ማዳመጫውን አውጪ። በዚያ ሰዓት በዚያው መንገድ የምትሄድ ሌላ ሴት እንደማትጠፋ እገምታለሁ፤ ፈልጊያት። ከማውቀው ምት ሁሉ ይበልጣል።

«ጥቁር ቀበቶ ያለው ሰው እጁ እንደ መሣሪያ ይቆጠራል፣ ፖሊስ ዘንድም መመዝገብ አለበት ይባላል። እውነት ነው?» (ከአዳማ)

ይሄን እኔም በልጅነቴ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው የሰማሁት። በወንጀል ሕጋችን እንዲህ የሚል አንቀጽ የለም።

ያለው በ1996 ዓ.ም. የወጣው ሕግ አንቀጽ 78 ነው፤ ሕጋዊ መከላከል ይባላል። ጠቅለል ሲል ጥቃቱ ከሕግ ውጭ የሆነና የተቃረበ ወይም እየተፈጸመ ያለ መሆን አለበት፣ በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል መሆን አለበት፣ መከላከያውም ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። ትናንት ለሰደበህ ዛሬ ጠብቀህ ብትመታው መከላከል አይባልም። የገፈተረህን ሰው ጥለኸው፣ ከወደቀ በኋላ ፊቱን ብትረግጠው ያም አይባልም፤ የመጀመሪያው ምትህ መከላከል ነበር፣ ሁለተኛው ሌላ ስም አለው። ሥልጠናህ የሚነሳብህም እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሰውየውን በቀላሉ መያዝ ትችል እንደነበር ዳኛው ሊጠይቅህ ይችላል። አንቀጽ 79 ከልክ ስላለፈ መከላከል ይናገራል፦ ቅጣቱ ይቀንሳል፣ ማለፉ ይቅር ሊባል ከሚችል ድንጋጤና ፍርሃት የመጣ ከሆነም ፍርድ ቤቱ ሳይቀጣ ሊተወው ይችላል። ጉዳይ ያለበት ግን ወደ ጠበቃ እንጂ ወደ እኔ አይምጣ።

«ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ካራቴ ሠልጥኛለሁ። እዚህ ያደገው ልጄ ግን ክራቭ ማጋ (የእስራኤሎች ራስን የመከላከያ ስልት) ነው እውነተኛው፣ የአንተ ዳንስ ነው ይለኛል።» (ከነታንያ፣ እስራኤል)

ወንድሜ፣ የክራቭ ማጋው መሥራች ኢሚ ሊክተንፌልድ እኮ እዚያው ከተማችሁ ነው የኖረው፣ እዚያው ነታንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 አረፈ። ብራቲስላቫ ያደገ ቡጢኛና ታጋይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አይሁድን ሊመቱ ከመጡ ፋሺስቶች ጋር መንገድ ላይ ሲጋጠም ነው ሪንግና መንገድ እንደሚለያዩ ያየው። እና ልጅህ የሚለው ነገር አለው። ግን ሰውየው እዚያ የደረሰው ዓመታት በቡጢና በትግል ከታሸ በኋላ ነው። ልጅህ የኢሚን መደምደሚያ ይዞ መነሻውን ትቶታል። ክፍላቸው ውስጥ ጓንት አድርገው እውነተኛ ስፓሪንግ ይሠሩ እንደሆነ ጠይቀው። የሚሠሩ ከሆነ ዝም በል። ካልሆነ ሁለታችሁም ዳንሰኞች ናችሁ።

«ስፓሪንግ ላይ ጭንቅላቴን ተመትቼ ዞረብኝ። ውሃ ጠጣና ቀጥል ተባልኩ። ቀጠልኩ። በማግሥቱም ራሴን ሲያመኝ ዋለ።» (ከጅማ)

ያ ስህተት ነበር፣ ድፍረትም አይደለም። ጭንቅላቱን ተመትቶ የዞረበት፣ ያቅለሸለሸው፣ የሆነውን ያላስታወሰ ሰው በዚያን ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም፤ ሐኪም ሳያየው ስፓሪንግ የለም። አንጎል ሳያገግም ሁለተኛ ምት መቀበል ከመጀመሪያው እጅግ የከፋ ነው። ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ ካስመለሰህ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለህ ወይም ንግግርህ ከተሳሰረ ሳትውል ሳታድር ሆስፒታል ሂድ። አሠልጣኝህ በዚህ ከተቆጣ አሠልጣኝ ቀይር።

እግረ መንገዴን ልንገርህ፣ የጥርስ መከላከያ ግዛ። በሙቅ ውሃ አለስልሰህ በጥርስህ ልክ የምትነክሰው ዓይነት ይበቃል። ጥርስ ከነሥሩ ከወለቀ ሥሩን ሳትነካ ወተት ውስጥ ከትተህ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ድረስ። እኔ መሐረብ ጠቅልዬ በማግሥቱ ነው የሄድኩት፣ ከፊት ያለው ጥርሴ የተገዛ ነው።

«ቀበቶ አይታጠብም፣ ኃይሉ ይሄዳል ይባላል። እንዴት ነው?» (ከጎንደር)

ላቡ ነው የሚሄደው። እጠበው፤ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ለብቻው፣ ጥላ ላይ አስጣው። ለብቻው ያልኩህን አትርሳ። እኔ ቀይ ቀበቶዬን ከነጭ ዶቦክ (የቴኳንዶ ልብስ) ጋር ዘፍዝፌ ሁለት ወር ሙሉ በሮዝ ዶቦክ ሠልጥኛለሁ።