በድንጋይ ቤት ፋይበር ስለ ማስገባት፦ ከጠባሴ ለቀረበው ጥያቄ

ውድ ጠያቂያችን፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ጠባሴ ያለውን የወላጆችዎን የድንጋይ ቤት እያሳደሱ እንደሆነ፣ እስካሁን በመስመር ስልኩ ሽቦ በሚመጣ ኢንተርኔት ሲጠቀሙ እንደቆዩ፣ አሁን ግን ፋይበር እስከ ቤትዎ እንዲገባ ማመልከት እንደሚፈልጉ ገልጸው፣ ሙያተኞቹ ከመምጣታቸው በፊት ምን ማዘጋጀት እንዳለብዎትና ስንት ሜጋ እንደሚበቃዎት ጠይቀዋል። እኔም እዚሁ ደብረ ብርሃን ከአባቴ በወረስኩት ተመሳሳይ ቤት ይህንኑ ሥራ ካሠራሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምተዳደረው በሒሳብ ሥራ ስለሆነ አዲስ አበባ ካሉ ደንበኞቼ ጋር በየቀኑ ሰነድ እላላካለሁ። እስካሁን የተሰጡዎት መልሶች በአብዛኛው ስለ ፍጥነት ስለሆኑ እኔ ስለ ግድግዳው ልጻፍ፤ እኔን ያስቸገረኝ ከመንገዱ የስልክ ምሰሶ ወዲያ ያለው ሳይሆን ከምሰሶው ወዲህ ያለው ሠላሳ ሜትር ነበርና።

ከሁሉ አስቀድመው ግን አንድ ነገር ያጣሩ። ሰዎች «ፋይበር ገባ» ሲሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ማለታቸው ሊሆን ይችላል። አንዱ፣ ፋይበሩ ሰፈር ውስጥ እስካለው ሳጥን ደርሶ የቀረውን መንገድ የድሮው የመዳብ ስልክ ሽቦ የሚጨርስበት ነው፤ ሌላው፣ ፋይበሩ ራሱ ግድግዳ አልፎ ሳሎን የሚገባበት ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ሁለተኛውን ስለሆነ፣ ሲያመለክቱ «እስከ ቤት ድረስ ፋይበር» ብለው በግልጽ ይናገሩ። መዳብ ከርቀት ጋር ይደክማል። ኤዲኤስኤል ቱ ፕላስ የሚባለው የመዳብ ኢንተርኔት ዓይነት እስከ 24 ሜጋቢት ያደርሳል ቢባልም፣ ይህ መስመሩ ለሚነሣበት የስልክ ማዕከል ጎረቤት ለሆነ ቤት ነው፤ ሦስትና አራት ኪሎ ሜትር ለራቀ ቤት የሚተርፈው ጥቂት ሜጋቢት ብቻ ነው። መላኪያው ደግሞ ከዚህም የጠበበ ሲሆን በእኔ ቤት ከ1 ሜጋቢት አያልፍም ነበር። 200 ሜጋባይት የሚሆን ስካን የተደረገ ሰነድ ለመላክ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጅብኝ ስለነበር፣ ቡናው ተፈልቶ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀርብ ፋይሉ ገና ሰማንያ በመቶ ላይ የቆመበትን ቀን አልረሳውም። ጂፖን በሚባለው የፋይበር አሠራር ግን አንድ ቀጭን መስመር ከማዕከሉ 2.5 ጊጋቢት ገደማ ተሸክሞ ይወጣና፣ መንገድ ላይ ያለ፣ ምንም ኤሌክትሪክ የማይፈልግ ማከፋፈያ ብርሃኑን ለ32 ወይም ለ64 ቤት ያካፍለዋል። ብርሃኑ በቂ ሆኖ እስከደረሰ ድረስ፣ ቤትዎ ከማዕከሉ አንድ ኪሎ ሜትር ይራቅ አምስት፣ የሚያገኙት ፍጥነት ያው ነው።

ቀጥሎ ከምሰሶው እስከ ቤትዎ ያለውን መንገድ በእግርዎ ይሂዱበት። ገመዱ በባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ መካከል የሚያልፍ ከሆነ ቅርንጫፉን አስቀድመው ያስቆርጡ፤ የክረምት ንፋስ ሲያወዛውዘው ቅርንጫፉ የገመዱን ልባስ ቀስ በቀስ ይልጠዋል። የግቢዎ በር የአሸዋ መኪና የሚያስገባ ከሆነ፣ እድሳትም ላይ ስለሆኑ ማስገባትዎ አይቀርም፣ ገመዱ ከጭነቱ በላይ ከፍ ብሎ እንዲወጠር ይንገሩ።

አሁን ወደ ግድግዳው ልምጣ። በእኛ አካባቢ የቆየ የድንጋይ ቤት ግድግዳ ምን ያህል ውፍረት እንዳለው ለእርስዎ መንገር አያሻኝም፤ የእኔ ሳሎን ሲለካ 62 ሴንቲ ሜትር ሆኗል። ሙያተኛው ይዞት የመጣው የድሪል ጫፍ ለብሎኬት ግድግዳ የሚበቃ እንጂ ለዚህ የሚሆን አልነበረም። እርሱን አልወቅሰውም፤ ቤቱ የድንጋይ መሆኑን አስቀድሜ መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። በማግስቱ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ጠራሁ። እርሳቸው ድሪሉን ወደ ጎን አስቀምጠው በመዶሻ እጀታ ግድግዳውን ቀስ እያሉ ያንኳኩ ጀመር። ጥቁር ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ደረቅና ጠንካራ ነው፤ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለው የጭቃ መጋጠሚያ ላይ ሲያርፍ ግን የታፈነ ነው። የታፈነውን ቦታ ምልክት አደረጉበትና ባለ 12 ፌሮ አሹለው ከውስጥ ወደ ውጭ እያዘቀዘቁ መቱት። ድንጋይ ሲገጥማቸው አቅጣጫውን ትንሽ እየለወጡ፣ ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ አንድም ድንጋይ ሳይሰነጠቅ ወደ ውጭ ወጣላቸው። በቀዳዳው 20 ሚሊ ሜትር የሆነ የፒቪሲ ቱቦ አሳልፈን ዙሪያውን በሲሚንቶ ደፈንነው።

ከዚህ ሥራ ሦስት ነገር ተምሬአለሁ። ቀዳዳው ወደ ውጭ ያዘቀዘቀ ካልሆነ የሐምሌ ዝናብ ገመዱን ተከትሎ ሳሎን ይገባል፤ ስለዚህ ገመዱም ወደ ቱቦው አፍ ከመግባቱ በፊት ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ እንደ ገና ወደ ላይ ይመለስ፣ ውኃው ከታችኛው እጥፋት ላይ ይንጠባጠባልና። ሁለተኛው፣ ቱቦው ገመዱን ብቻ ሳይሆን ጫፉ ላይ ያለውን አረንጓዴ ማያያዣም የሚያሳልፍ ይሁን፤ አንዳንዱ ገመድ ማያያዣው ከፋብሪካ ተገጥሞለት ስለሚመጣ በጠባብ ቀዳዳ አያልፍም። ሦስተኛው፣ ይህን ሁሉ ሙያተኞቹ ከመምጣታቸው በፊት ጨርሰው ይጠብቁ። ቱቦው ዝግጁ ከሆነ የእነርሱ ሥራ ከአንድ ሰዓት በታች ያልቃል።

ቱቦው የት ይውጣ የሚለው ጥያቄ ግን ከቀዳዳው ይበልጣል። እኔ ለሙያተኛው በሚቀርበው ቦታ፣ በሳሎኑ የፊት ግድግዳ በኩል፣ አስወጣሁት፤ ዛሬ ብሠራው አላደርገውም። ዋይፋይ ሬዲዮ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ ሬዲዮን ይውጣል። እኔ 50 ሜጋቢት ነው የገባሁት። ስልኬን ይዤ ከክፍል ክፍል እየዞርኩ ስለካው፣ ፋይበሩ የሚገባበትና ዋይፋዩን የሚያሠራጨው የቤት ሳጥን አጠገብ 47፣ አንድ ግድግዳ አልፎ መኝታ ቤት 9፣ ግቢው ጀርባ ያለው ሰርቪስ ቤት ደግሞ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ባለ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ሞገድ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ላይ ፈጥኖ ይሞታል፤ ባለ 2.4ቱ የተሻለ ዘልቆ ይገባል፣ ግን ይዘገያል። ስለዚህ ሳጥኑን በቤቱ መሐል፣ ከተቻለ የክፍሎች በር በሚገናኙበት ኮሪደር፣ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ ያስቀምጡት። ምልክቱ ከግድግዳው ይልቅ በበሩ ክፍተት ይሾልካል። ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ለውበት ሲባል ቡፌ ውስጥ አይቆለፍበት። በረንዳ ላይም አይሰቀል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ምን እንደሚያደርግ ያውቁታል፣ እነዚህ ሳጥኖች ደግሞ በአብዛኛው የተሠሩት ከዜሮ ዲግሪ በላይ ላለ ቦታ ነው።

ሰርቪስ ቤቱን ለተማሪዎች የሚያከራዩ ከሆነ ከሳጥኑ እስከዚያ የኔትወርክ ኬብል ይዘርጉና ጫፉ ላይ ሌላ ራውተር ይግጠሙ። ይህ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሠራል። ሲገዙ ሙሉ መዳብ መሆኑን ያረጋግጡ፤ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም በርካሽ ይሸጣል፣ እኔም ርካሹን ገዝቼ በዓመቱ ቀይሬዋለሁ። ኬብሉ በአየር ላይ ሳይሆን በመሬት ውስጥ፣ በቱቦ ይሂድ። ፋይበር መስታወት ስለሆነ መብረቅ አያስተላልፍም፤ በመዳቡ ዘመን በሁለት ክረምት ሁለት ሞደም የተቃጠለብኝ ሰው እንደመሆኔ ይህ ለእኔ ከፍጥነቱ የበለጠ እፎይታ ነበር። ከጣሪያ ወደ ጣሪያ የተወጠረ የመዳብ ኬብል ግን ያንኑ መብረቅ በጓሮ በር መልሶ ያስገባዋል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ፋይበሩ በገባ በሁለተኛው ወር ለፋሲካ ቤት ስንቀባ ቡፌውን አነሣን፤ ስንመልሰውም ግድግዳው ላይ አስጠግተን ገፋነው። ማታውን ሳጥኑ ላይ «ሎስ» ተብሎ የተጻፈበት፣ ብርሃኑ በደንብ እንዳልደረሰ የሚያሳየው መብራት ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፤ ኢንተርኔቱም አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ወደ 994 ከመደወሌ በፊት የሳጥኑን የውስጥ ገጽ በኮምፒውተር ከፍቼ የሚደርሰውን የብርሃን መጠን አየሁ። በተገጠመበት ቀን ከዜሮ በታች 21 ዲቢኤም ብዬ ደብተሬ ላይ ጽፌው ነበር፤ አሁን ከዜሮ በታች 28 ሆኗል። የሰባት ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ በዚህ አለካክ ግን የሚደርሰው ብርሃን ወደ አንድ አምስተኛ ወርዷል ማለት ነው። አብዛኞቹ የቤት ሳጥኖች ከዜሮ በታች 27 ላይ ሲደርሱ መቸገር ይጀምራሉ። ቡፌውን ሳብ ሳደርገው ገመዱ በእግሩና በግድግዳው መካከል እንደ ወረቀት ታጥፎ አገኘሁት። ቀና ሳደርገው ቀዩ መብራት ወዲያው ጠፋ። እንዳይሰበር እግዚአብሔር ነው የጠበቀልኝ፤ ውስጡ ያለው መስታወት ውፍረቱ 0.125 ሚሊ ሜትር ብቻ ነውና።

ከዚያ ወዲህ ለቤተሰቡ ያወጣሁት ደንብ አንድ ነው፤ ገመዱ ከቡና ሲኒ አፍ በጠበበ ክብ አይታጠፍም። የተረፈውን ገመድ ሲጠቀልሉም ሲኒውን አስቀምጠው በዙሪያው ይጠቅልሉት። ማያያዣውን ነቅለው ጫፉን በዓይንዎ አይመልከቱ፣ ልጆችም እንዳያዩበት ይንገሯቸው፤ የሚወጣው ብርሃን ለዓይን የማይታይ ስለሆነ ያለ አይመስልም እንጂ አለ። በተገጠመበት ቀን የሚነበበውን የብርሃን መጠን ሙያተኛውን ጠይቀው ይጻፉት። ነገ አንድ ችግር ሲፈጠር የቤትዎ ይሁን የውጭው መስመር የሚለዩት በዚያ ቁጥር ነው።

መብራትን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። የድሮው የመስመር ስልክ የሚሠራበትን 48 ቮልት የሚያገኘው ከማዕከሉ በሽቦው በኩል ስለነበር መብራት ቢጠፋም ይጮኻል። ፋይበር ኤሌክትሪክ አያመጣም፤ መብራት ሲሄድ ሳጥኑም ስልኩም አብረው ይሄዳሉ። እናቴ ይህን ያወቁት አንድ ማታ መብራት በጠፋበት ሰዓት እህቴ ከደሴ ትደውላለች ብለው ስልኩ አጠገብ ቁጭ ብለው ሲጠብቁ ነው። በማግስቱ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚተካ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ዩፒኤስ ገዛሁ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ሳጥኑ ከ10 ዋት በላይ አይወስድም ብለን ብንይዝ፣ ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ስለሚይዝ፣ ከግማሹ በታች እንዳይወርድ ብናደርግ እንኳ 4 ሰዓት ያቆየናል። መንገድ ላይ ያለው ማከፋፈያ ኤሌክትሪክ ስለማይፈልግ ሰፈሩ ሁሉ ጨለማ ሆኖም ማዕከሉ በጄኔሬተር እስከሠራ ድረስ የእርስዎ ኢንተርኔት ይቀጥላል። ከሳጥኑ አጠገብ ሶኬት ማስገጠምዎን አይዘንጉ።

ስንት ሜጋ ለሚለው ብዙ አልጽፍም። አንድ ጥሩ ጥራት ያለው ቪዲዮ 5 ሜጋቢት ገደማ ይበላል፤ ቤትዎ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚያዩትን ሰዎች ቆጥረው በ5 ያባዙና ግማሹን ይጨምሩበት። 8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት መሆኑን ካላስታወሱ ፋይል ሲያወርዱ የተታለሉ ይመስልዎታል። በዝቅተኛው ይጀምሩ፤ በኋላ ከፍ ማድረግ የፓኬጅ ለውጥ እንጂ የገመድ ለውጥ አይጠይቅም። አዲሱ መስመር ቢያንስ አንድ ሳምንት ያለ ችግር ሳይሠራ ግን አሮጌውን አያስቆርጡ።

የመጨረሻው ጥያቄዎ መቼ ላመልክት የሚል ነበር። ማመልከቻውን ዛሬውኑ ያስገቡ፤ የቤቱን ሥራ ግን እንዲህ ያስኬዱት፦ ግንበኛው የግድግዳውን ቱቦ ያሳልፍ፣ ከዚያ ቱቦ እስከ ኮሪደሩ በኮርኒሱ በላይ ሌላ ቱቦ ይዘርጋ፣ ወደ ሰርቪስ ቤቱ የሚሄደውም ይቀበር፣ ከዚያ በኋላ ጂፕሰሙና ሊሾው ይቀጥል። በሁሉም ቱቦ ውስጥ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ አስገብተው ሁለቱን ጫፍ በሚስማር ያስሩ፤ እኔ ይህን ስላላደረግሁ ገመዱን በኮርኒሱ በላይ ለማሳለፍ ጎረምሳው የወንድሜ ልጅ ግማሽ ቀን በደረቱ ሲሳብ ውሏል።