ጥያቄና መልስ፦ ከኤችቶፕ ወደ ቢቶፕ

ባለፈው ጊዜ ኤችቶፕን ትቼ ወደ ቢቶፕ መዞሬን ጣል አድርጌ ነበር። ሁለቱም ሲፒዩውን፣ ራሙን፣ ዲስኩን ማን እንደያዘው በተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) የሚያሳዩ ፕሮግራሞች ናቸው። ተከትሎኝ የዞረው ሰው ብዛት! ጥያቄውም አብሮ ጎረፈ። ድሬ አንቱታ ስለማታውቅ ሁላችሁንም አንተና አንቺ እያልኩ እመልሳለሁ።

ግራፉ በሙሉ ሳጥንና የጥያቄ ምልክት ሆኖባት የተናደደች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለች።

ፎንትሽ ነው። ቢቶፕ ግራፍ የሚሥለው በብሬል ነጥቦች ነው። ፎንቱ እነሱን ከሌለው ሳጥን ይደረድራል። ኢስኬፕ ተጫኚና ኦፕሽንስ ውስጥ የግራፉን ምልክት ከብሬል ወደ ብሎክ ቀይሪው። እንደ ድሮው አያምርም፤ ግን ይነበባል።

ኤችቶፕ ውስጥ ኤፍ10 ስጫን በመውጣት ፈንታ የተርሚናሉ ሜኑ ይከፈታል።

ኪው ተጫን።

8 ጊጋ ራም ያለው ልጅ ደንግጧል። "ፍሪ" የሚለው 300 ሜጋ ብቻ ነው። መጋላ ያለ አንድ ሻጭ "ጨምር" ብሎታል።

ብርህን ኪስህ አድርግ። ሊኑክስ ባዶ ራም አይወድም። ከዲስክ ያነበበውን ፋይል ደግመህ ትፈልገው ይሆናል ብሎ እዚያው ያቆየዋል። ካሽ የሚባለው ይኸው ነው። ፕሮግራም ቦታ ሲጠይቅ አብዛኛው ካሽ ወዲያው ይለቀቃል። ስለዚህ "ፍሪ"ን ተወውና "አቬይለብል" የሚለውን እይ። ከከርነል (የሊኑክስ እምብርት) 3.14 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ፣ ከርነሉ ራሱ አስልቶ ይሰጥሃል። እሱ ሲያልቅና ስዋፑ (ራም ሲጠብ ከዲስክ የሚበደረው ቦታ) ሲሞላ ያኔ ግዛ። ሻጩ እንደሆነ የትም አይሄድም።

ከዚራ አካባቢ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ልጅ ሁለት ገጽ ጽፏል። ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ ላፕቶፑ ጠዋት እንደ ጥይት ነው፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ይጎተታል። ቫይረስ ነው ብሎ ሲስተሙን ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ጭኗል። ቪዲዮ ኤክስፖርት ሲያደርግ ቢቶፕ ጠዋትም ከሰዓትም 100% ይለዋል። "ታዲያ ምን ጠቀመኝ?"

የምታየው ቦታ ነው የተሳሳተው። ፐርሰንቱ የሚነግርህ ሲፒዩው ከጊዜው ስንቱን በሥራ እንዳሳለፈ ነው። ስንት ሥራ እንደጨረሰ አይነግርህም። ጭነት ሞልቶ የደንገጎን ዳገት የሚወጣ አይሱዙ አስብ። ነዳጁ እስከ ወለሉ ተረግጧል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍየል ግን ትቀድመዋለች። ቢቶፕ ለዚያ አይሱዙም 100% ይለው ነበር።

በሲፒዩው ሳጥን ላይኛው ቀኝ በኩል በጊጋኸርዝ የተጻፈ ፍጥነት አለ። ከኮሮቹ (ሲፒዩው ውስጥ ያሉት ሠራተኞች) ጎን ደግሞ ሙቀት። ጠዋት 3 የነበረው ፍጥነት ከሰዓት 1 ነጥብ ምናምን ከሆነ፣ ሙቀቱም 90ዎቹ ውስጥ ከገባ፣ ቫይረሱን እርሳው። የብዙ ላፕቶፕ ሲፒዩ ገደብ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። እዚያ ሲደርስ ራሱን ላለማቃጠል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፋን ደግሞ የክፍሉን አየር ነው የሚነፋው፣ ፍሪጅ አይደለም። ክፍሉ 22 ዲግሪ ከነበረና 36 ከሆነ፣ ያ 14 ዲግሪ ሲፒዩው ላይ ይደመራል። በግንቦት ከሰዓት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ አንተን የሚያልብህ እሱንም ያልበዋል።

ለመሆኑ ምን ላይ ታስቀምጠዋለህ? በርጫ ላይ ፍራሹ ላይ ከሆነ፣ አፍንጫውን ይዘህ ሩጥ እያልከው ነው። ጠረጴዛ ላይ አድርገውና ከኋላው ሥር ሁለት የጠርሙስ ክዳን ሸጉጥ። ከዚያ አቧራው አለ፦ አጥፋው፣ ቻርጀሩን ንቀል፣ ፋኑ እንዳይሽከረከር ያዝና አስነፋው። ከባዱን ኤክስፖርት ለሌሊት ተወው። ቴርማል ፔስቱን (የሲፒዩውን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረውን ቅባት) ከቻልክ ቀይር፣ ካልቻልክ ሠሪ ጠይቅ።

ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ ግን "ታችፓዱ ትንሽ ወደ ላይ ተነስቷል" ብለህ አልፈሃል። ሁለት ገጽ ስለ ቫይረስ፣ ስለዚህ አንድ መስመር! ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከላይ ያልኩህን ሁሉ ለጊዜው ተወው። አሁኑኑ አጥፋው። ቻርጅ አታድርግ፣ ተጭነህ ልትመልሰው አትሞክር፣ አትክፈተው። ባትሪ የሚያውቅ ሠሪ ጋ ውሰደውና እሱ ያውጣው። ሙሽሮቹ ይጠብቁ። ሠሪ ጋ ሳትሄድ ሌላ ደብዳቤ ብትጽፍልኝ አልመልስም።

"ሃያ ዓመት በቶፕ ሠራሁ፣ ምን ጎደለኝ?" የሚል አንድ የሰርቨር ሰው አለ። ቶፕ የእነ ኤችቶፕ ቀዳሚ ነው።

ምንም። ዊሊያም ለፌቭር የመጀመሪያውን ቶፕ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፣ ዛሬም ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ስትገባ ቶፕ ቀድሞህ ይጠብቅሃል። እኔም ሰው ሰርቨር ላይ ቢቶፕ አልጭንም። መከታተያው ፕሮግራም ራሱ ሲፒዩ ይበላል ላልከው፣ የቢቶፕ ታላቅ ወንድም ባሽቶፕ በባሽ (በተርሚናል ትእዛዝ ቋንቋ) ስለተጻፈ በእርግጥ ይከብድ ነበር። የባሽቶፕ ጸሐፊ ራሱ በፓይተን፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2021 በሲ ፕላስ ፕላስ ደግሞ ጻፈው። ቢቶፕ በየ2 ሴኮንዱ ይታደሳል፤ አሁንም ከበዛብህ የመደመር ምልክት እየተጫንክ ጊዜውን አርቀው።

ዞምቢ ፕሮሰስ (ሥራው አልቆ ከዝርዝሩ ያልወጣ ፕሮግራም) በኪል 9፣ በግድ በሚገድለው ትእዛዝ፣ አልሞት አለኝ።

ሞቷልኮ! መርዶውን ያልተቀበለው ወላጁ፣ ማለትም ያስነሳው ፕሮግራም ነው። ዞምቢው ከስሙ በቀር ራምም ሲፒዩም አይበላም። ደስ ካላለህ ወላጁን ፈልገህ ዝጋው።